በመዝናኛ መናፈሻ ትምህርት ይገኛልን?

ልጅ እየተጫወተ እንደሚማር ለመምህራን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። እንቆቅልሹም፣ ተረቱም፣ ገበጣውም ልጁ ሳይታወቀው ቁጥርና ቋንቋ፣ ብልሃትና ግብረ ገብ ሲያስጨብጡት ኖረዋል። ይሁን እንጂ ይህንኑ ጠባይ መሠረት አድርጎ ታላላቅ ሕንጻዎች መሥራት፣ የመግቢያ ዋጋ መቁረጥና «እየተደሰታችሁ ተማሩ» ብሎ ሕዝብ መጥራት ሌላ ሥራ ነው። ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ጎብኚ ስሙ በመዝገብ አይጠራም፤ ፈተናም አይጠብቀውም። ከሰለቸው ወጥቶ ወደሚቀጥለው መጫወቻ ይሄዳል። ስለሆነም የመናፈሻው ባለቤት ምን ያህል ማስተማር፣ ምን ያህልስ ማስደሰት እንደሚገባው ዘወትር ሲመዝን ይኖራል።

ሚዛኑ እንዴት እንደሚዛባና እንዴት እንደሚቃና ለማየት፣ በአሜሪካ በፍሎሪዳ የሚገኙት የዲዝኒ ኩባንያ መናፈሻዎች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከነዚህ አንዱ የራሳችንን ምሥራቅ አፍሪካን አሳያለሁ የሚል በመሆኑ ጉዳዩ ከደጃፋችን የራቀ አይደለም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤፕኮት ሴንተር የተባለው መናፈሻ ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ተከፈተ። ግማሹ የልዩ ልዩ አገሮችን ባህል የሚያሳይ ሲሆን፣ ሌላው ግማሽ ለሳይንስና ለኢንዱስትሪ የተመደበ ነበር። ስለ ኃይል ምንጮች፣ ስለ እርሻ፣ ስለ መጓጓዣና ስለ መገናኛ የሚያስረዱ አዳራሾች ተሠርተው፣ የብዙዎቹን ወጪ ታላላቅ ኩባንያዎች ተካፍለው ነበር። አሠራሩ ድንገት የመጣ አይደለም። ዲዝኒ በ1964 እና በ1965 በተካሄደው የኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለፎርድና ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ማሳያዎች ሠርቶ ልምድ አግኝቶበታል።

ከነዚህ አዳራሾች ሁለቱን ለይተን እናነጻጽር። ሁለቱም በአንድ ቀን ተከፍተዋል፤ ዕድላቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተራርቋል።

የመጀመሪያው ዩኒቨርስ ኦፍ ኢነርጂ፣ ማለትም ስለ ኃይል ምንጮች የሚያስረዳው አዳራሽ ነው። ወጪውን የሸፈነው ኤክሶን የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ነበር። በጣሪያው ላይ ወደ 80,000 የሚጠጉ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሴሎች ተደርድረው፣ ለማሳያው ከሚያስፈልገው ኃይል ከፊሉን ይሰጡ ነበር። ተመልካቹ ፊልም ለማየት በተቀመጠበት ወንበሮቹ በድንገት በስድስት ይከፈሉና፣ እያንዳንዱ ክፍል ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች እንደ ያዘ እንደ ባቡር ወደ ጨለማው መጓዝ ይጀምራል። በጨለማው ውስጥ ያለው የጥንቱ ዓለም ጫካ ነው። ጭጋግ ይወርዳል፣ እሳተ ገሞራ ይፈነዳል፣ በሞተር የሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ዳይኖሰሮች ያገሣሉ፣ ይጣላሉ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ወደ ሌላ የፊልም አዳራሽ ይገቡና ስለ ነዳጅ ፍለጋና ስለ ወደፊቱ የኃይል ምንጮች ገለጻ ይደረግላቸዋል። ጠቅላላው ጊዜ ወደ 45 ደቂቃ ያህል ነው፤ የአንድ ክፍለ ጊዜ ያህል ማለት ነው።

እንግዲህ ልጁ ከዚህ ሁሉ ምን ይዞ ወጣ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ዳይኖሰሩን። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ስለ ነዳጅ በሚያስረዳ ቤት ውስጥ ዋናው ትርኢት ዳይኖሰር ከሆነ፣ ልጁ ነዳጅ ዘይት ከዳይኖሰር አስከሬን የተገኘ መሆኑን ማንም ሳይነግረው ይደመድማል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ነዳጅ ዘይት በአብዛኛው የተገኘው በጥንት ባሕሮች ውስጥ ይኖሩ ከነበሩ፣ በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ዕፅዋትና እንስሳት ነው። እነዚህ ሲሞቱ በባሕሩ ወለል ላይ እየተጠራቀሙ ደለል ተጫናቸው፤ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥም ሙቀትና ግፊት ወደ ዘይትና ጋዝ ለወጣቸው። የድንጋይ ከሰል ደግሞ ከረግረግ ዕፅዋት የመጣ ነው። የዳይኖሰሩ ድርሻ ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይህ ስሕተት ከዚያ አዳራሽ አስቀድሞም የተሠራጨ ነበር። ሲንክሌር የተባለው የነዳጅ ኩባንያ ዳይኖሰርን ምልክቱ አድርጎ፣ በዚያው በኒውዮርኩ ኤግዚቢሽን ላይ በሙሉ ቁመታቸው የተሠሩ ዳይኖሰሮች አሳይቷል። ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ግን አያገሣም፤ ትኬትም አያሸጥም። ትርኢት ሠሪው ከእውነቱ ውስጥ የሚያገሣውን ክፍል መርጦ ሲያጎላ፣ በቃል አንድም ሐሰት ሳይናገር የተሳሳተ ነገር ሊያስተምር ይችላል። ለኔ ከመሰልቸት የከፋው ጉዳት ይህ ነው። የሰለቸው ልጅ ባዶ እጁን ይወጣል፤ የተደነቀው ግን የተሳሳተውን እስኪያረጅ ይዞት ይኖራል።

ተመልካቹም በፊልሙ መሰልቸቱ አልቀረም። በ1996 አዳራሹ ታድሶ፣ ኤለን ደጀነረስ የተባለችው ቀልደኛ በጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ስትቀርብ የሚያሳይ አስቂኝ ታሪክ ተጨመረበት። ዳይኖሰሮቹ ግን በቦታቸው ቆዩ። ኤክሶን በ2004 ድጋፉን አቆመ። በኦገስት 2017 አዳራሹ ተዘጋ፤ በምትኩ በ2022 ከፊልም ጀግኖች ታሪክ የተወሰደ ፈጣን ሮለር ኮስተር ተከፈተ። ቀልዱ ትምህርቱን ሊያድነው ገብቶ፣ ውሎ አድሮ ጨዋታው ብቻውን ቤቱን ወረሰ ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው አዳራሽ ስለ መሬትና ስለ እርሻ የሚያስረዳው ዘ ላንድ ነው። እዚህ ጎብኚው በጀልባ ተቀምጦ ሩብ ሰዓት ላልሞላ ጊዜ ቀስ እያለ ይጓዛል። መጀመሪያ ሰው ሠራሽ የሆነ የጫካና የበረሃ ትርኢት ያያል፤ ይህም እንደ ሌላው ሁሉ ነው። ከዚያ ጀልባው ወደ እውነተኛ የመስተዋት ቤቶች ይገባል። ያለ አፈር፣ ሥሩ ማዳበሪያ በተቀላቀለበት ውሃ እየረሰረሰ የሚያድግ ሰላጣ፣ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚዞር ተክል፣ በገንዳ የሚረባ ዓሣ ይታያል። በ2005 እና በ2006 መካከል እዚያ የተተከለ አንድ የቲማቲም ተክል ከ32,000 በላይ ፍሬ ሰጥቶ በጊነስ መዝገብ ላይ ተመዝግቧል። ከምርቱ ከፊሉ እዚያው ባሉ ምግብ ቤቶች ለጎብኚው ይቀርባል።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያስደነግጥ ነገር የለም፤ የሚያገሣም የለም። ሆኖም ከ1982 ጀምሮ እስካሁን ይሠራል። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎብኚው የሚያየው ስለ ነገሩ የተሠራ ትርኢት ሳይሆን ነገሩን ራሱን ነው። ዛሬ ያበበው ተክል በሚቀጥለው ወር ፍሬ ይዞ ይታያል። አስተማሪ ቃል ቢቀነስ እንኳ ተክሉ ማስተማሩን አይተውም።

ቅሬታ ግን አለኝ። ቀድሞ በእያንዳንዱ ጀልባ ላይ ሰው ተቀምጦ ያስረዳ ነበር፤ በ2006 በተቀዳ ድምፅ ተተካ። የተቀዳ ድምፅ አይሳሳትም፣ አይደክምም፣ ደመወዝም አይጠይቅም። ነገር ግን አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «ያለ አፈር የበቀለው ጣዕሙ አንድ ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቀው አይመልስለትም።

አሁን ወደ ራሳችን አካባቢ እንምጣ። ኤፕሪል 22 ቀን 1998 ዲዝኒ በዚያው በፍሎሪዳ አኒማል ኪንግደም የተባለ የእንስሳት መናፈሻ ከፈተ። በውስጡ ሐራምቤ የተባለ ምናባዊ የምሥራቅ አፍሪካ መንደር አለ። ስሙ ከስዋሂሊ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ፣ በኬንያ ብሔራዊ ዓርማ ላይ የተጻፈው «በአንድነት እንጎትት» የሚለው ቃል ነው፤ የቤቶቹም አሠራር የኬንያን የላሙን ከተማ ይከተላል። ከመንደሩ የሚነሡ ክፍት መኪናዎች ጎብኚዎችን ይዘው 45 ሄክታር ያህል በሆነ መስክ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ቀጭኔው፣ ዝሆኑ፣ አውራሪሱና አንበሳው እውነተኞች ናቸው። የባኦባብ ዛፎቹ ግን ከኮንክሪት የተሠሩ ሲሆኑ፣ ከሩቅ ግራር የሚመስሉትም በመቀስ ተስተካክለው የተከረከሙ የአሜሪካ ኦክ ዛፎች ናቸው። አንበሳውን ከሰው የሚለየው ገደልና ውሃም ከዓይን ተሰውሯል።

መናፈሻው ሲከፈት ይህ ጉዞ ሕገ ወጥ አደንን የሚመለከት ታሪክ ነበረው። በሬዲዮ ድምፅ «አዳኞች ገብተዋል» ይባላል፤ መኪናው ያሳድዳቸዋል፤ ድልድዩ የሚፈርስ ይመስላል። በመጨረሻ አዳኞቹ ተይዘው የዝሆኗ ግልገል ትድናለች። ከመክፈቻው በፊት በነበረው ሙከራ ላይ የተገደለችው እናት ዝሆን ምስል መንገድ ዳር ተጋድሞ ይታይ ነበር። ጎብኚዎች ልጆቻችን ደነገጡ ብለው ቅሬታ ስላቀረቡ ምስሉ ተነሣ። በ2012 ደግሞ ታሪኩ በሙሉ ቀርቶ፣ የአዳኞቹ ሰፈር የነበረው ቦታ ለሜዳ አህያዎች ተሰጠ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ሕገ ወጥ አደን ተረት አልነበረምና። የኬንያ ዝሆኖች ቁጥር በ1973 ወደ 167,000 ይገመት ነበር፤ በ1989 ግን ወደ 16,000 ገደማ ወርዷል። ከአሥሩ ዘጠኙ ጠፉ ማለት ነው። በዚያው በ1989 በጁላይ ወር ፕሬዚዳንት ሞይ 12 ቶን የዝሆን ጥርስ በናይሮቢ ፓርክ በአደባባይ አቃጠሉ፤ በዓመቱም መጨረሻ ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ ስምምነት ተደረሰ። እንግዲህ ይህን ያህል ዕልቂት የሚያስታውስን ነገር ከመንገድ ዳር ማንሣት ተገቢ ነበርን?

በበኩሌ መልሱን በሁለት ከፍዬ አያለሁ። ማሳደዱ መቅረቱ ጥሩ ነው። ግልገሏ በየሃያው ደቂቃ የምትድንበት ታሪክ፣ ችግሩ ሁልጊዜ በመልካም ያልቃል ብሎ ያስተምራል፤ የኬንያ ዝሆኖች ታሪክ ግን እንደዚያ አልነበረም። ከዚህም በላይ መኪናው በአዳኝ ፍለጋ ሲጋልብ ቀጭኔውን አተኩሮ የሚያይ አልነበረም። የሞተችው ዝሆን መነሣት ግን ያሳዝነኛል። ከጉዞው ሁሉ እውነቱን ሳያለዝብ የተናገረ አንድ ነገር ቢኖር እርሱ ነበር። አምስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ለአሥራ አምስት ዓመቱ ተማሪ ግን ከሬዲዮው ጩኸት ሁሉ ይልቅ እርሱ ባስተማረው ነበር። ክፉው ነገር ሁለቱ በአንድ መኪና መሳፈራቸው ነው። መምህር ለአምስተኛና ለአሥረኛ ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት አይሰጥም፤ መናፈሻ ግን ለሁሉም አንድ ጉዞ ነው ያለው።

እስካሁን ያየነው ትምህርቱ በጨዋታው ላይ ተጨምሮ ነበር። ጨዋታው ራሱ ትምህርት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በአሜሪካ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የፊዚክስ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ሮለር ኮስተር እየወሰዱ፣ ክርና ፕሮትራክተር፣ የእጅ ሰዓትም አስይዘው ያስለካሉ። ከ30 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ጋሪ ሰበቃው ከተዘነጋ ታች ሲደርስ በሰዓት ወደ 87 ኪሎ ሜትር እንደሚፈጥን ተማሪው በደብተሩ ካሰላ በኋላ፣ የጋሪውን ርዝመትና የሚያልፍበትን ሰከንድ ለክቶ ያመሳክራል። የሁለቱ ልዩነት ሰበቃና ነፋስ የወሰዱት ድርሻ ነው።

ጋሪው ሰዎችን ቁልቁል ዘቅዝቆ የሚያዞርበትን ቀለበትም እንመልከት። በ1895 በኒውዮርክ በኮኒ አይላንድ የተሠራው ቀለበት ፍጹም ክብ ስለ ነበር የተሳፋሪውን አንገት ክፉኛ ይጎዳ ነበር። ምክንያቱ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይገኛል። ጋሪው ከላይ እንዳይወድቅ የፍጥነቱ ካሬ ቢያንስ የሬዲየሱና የመሬት ስበት ብዜት፣ ማለትም rg መሆን አለበት። ወደ ታች ሲወርድ ይኸው 5rg ይሆናል። ስለዚህ ከቀለበቱ ግርጌ ተሳፋሪው የክብደቱን ስድስት እጥፍ ይሸከማል፤ 50 ኪሎ የሚመዝን ተማሪ 300 ኪሎ የሆነ ያህል ይሰማዋል። በ1976 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ሮለር ኮስተር ቀለበቱን እንደ እንባ ጠብታ፣ ከላይ ጠበብ ከታች ሰፋ አድርጎ በመሥራት ችግሩን አቃለለ። እዚህ ላይ ድንጋጤውና ትምህርቱ አንድ ነገር ናቸው፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማውጣት አይቻልም።

በሰንሰለት የተንጠለጠሉ ወንበሮች እየዞሩ ወደ ውጭ የሚዘረጉበት መጫወቻም እንዲሁ ነው። ባዶው ወንበርና ወፍራም ሰው የተቀመጠበት ወንበር በአንድ ዓይነት ማዕዘን ይዘረጋሉ። የማዕዘኑ ታንጀንት የፍጥነቱ ካሬ ለrg ተካፍሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ክብደት በስሌቱ ውስጥ የለም።

ለዚህኛው መናፈሻ መሄድም አያስፈልግም። የብስክሌት ጎማ ፈትቶ፣ በመሐሉ ብረት አግድም አንጠልጥሎ ይዞ፣ በጠርዙ ላይ ትይዩ በሆኑ ሁለት ነጥቦች እኩል 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ክሮች ማሠር ይበቃል። በአንዱ ክር ትንሽ፣ በሌላው ሁለት እጥፍ የሚከብድ ጠጠር ይንጠለጠላል። ተማሪዎቹ ፈንጠር ብለው ይቁሙ፤ ክሩም በደንብ ይጥበቅ። ጎማው ከመዞሩ በፊት የትኛው ጠጠር ይበልጥ እንደሚዘረጋ እያንዳንዱ ግምቱን ይጻፍ። በሁለት ሰከንድ አንድ ዙር ያህል ሲዞር ሁለቱም ክሮች ከ20 ዲግሪ ጥቂት በሚያልፍ ማዕዘን ጎን ለጎን ይዘረጋሉ።