የክሎሪን አቶም በከተማ አየር ውስጥ፦ ከሎስ አንጀለስ ጠረፍ የሚገኝ ትምህርት

ስለ ክሎሪንና ስለ ኦዞን ሲነሣ አብዛኛው የተማረ ሰው የሚያስታውሰው ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮላንድ በ1974 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አርቫይን፣ የደረሱበትን ግኝት ነው። ከማቀዝቀዣ ጋዞች የሚመነጨው ክሎሪን ስትራቶስፌር ሲደርስ የምድርን የኦዞን ጋሻ ይበላል። ሁለቱ ሊቃውንት ከፓውል ክሩትዘን ጋር በ1995 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚህ መስክ ባበረከቱት ሥራ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ እኩሌታ ነው። በምንተነፍሰው የታችኛው አየር ውስጥ ይኸው አቶም ኦዞን እንዲፈጠር ይረዳል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ተቃርኖ የሚመስል ነገር እንዴት እንደሚሆን ማስረዳት ነው።

ከዌስትቼስተር እንነሣ። ሰፈሩ ከሎስ አንጀለስ አውሮፕላን ማረፊያ በስተሰሜን፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ አጠገብ ይገኛል። የባሕሩ ማዕበል ሲሰበር ረቂቅ የጨው ብናኝ ወደ አየር ይወጣል። በጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን እስረኛ ነው፤ የሚፈታው የሰው ጭስ ነው። ከሞተር ጭስ የሚመጣው ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ሌሊት ከኦዞን ጋር ተዋህዶ፣ በሁለት እርከን ዳይናይትሮጂን ፔንቶክሳይድን ያስገኛል። ይህ ውሁድ የጨው ብናኙን ሲያገኝ ናይትሪል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል። ጋዙ በጨለማ ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኑ ይሰነጥቀውና ነፃ የክሎሪን አቶም ይለቀቃል። በ2010 በፓሳዴና በተደረገ ልኬት፣ ከፍተኛው መጠን በአንድ ቢልዮን የአየር ሞሌኪዩሎች መካከል ከ3 በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ ኢምንት ይመስላል፤ ለአየር ኬሚስትሪ ግን ብዙ ነው።

ነፃ የወጣው አቶም ማንን ያገኛል? በከተማ አየር ውስጥ «ያልጠገቡ» የሚባሉ ሃይድሮካርቦኖች አሉ፤ ይኸውም በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ድርብ ትስስር ያላቸው ናቸው። ኤቲሊንና ፕሮፒሊን ከመኪና ጭስ፣ አይሶፕሪን ደግሞ በብዛት ከዛፍ ቅጠል ይወጣሉ። ክሎሪን ከጠገቡት ሃይድሮካርቦኖች ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ ባልጠገቡት ላይ ግን በአብዛኛው ራሱ ድርቡ ትስስር ላይ ይለጠፋል። የአየር አጣቢ ከሚባለው ከሃይድሮክሲል ራዲካል ጋር ሲነጻጸር፣ ክሎሪን ኤቲሊንን ከዐሥር ጊዜ በላይ፣ አይሶፕሪንን አራት ጊዜ ያህል ፈጥኖ ያጠቃል። ሃይድሮክሲል ገና ባልበረከተበት ማለዳ ይህ ፍጥነት የቀኑን ሥራ አስቀድሞ ያስጀምራል።

ክሎሪን የተለጠፈበት ሞሌኪዩል ወዲያው ኦክሲጂን ይጨምርና ፔሮክሲ ራዲካል ይሆናል። ይህም ናይትሪክ ኦክሳይድን ወደ ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ዳይኦክሳይዱን ብርሃን ሲሰነጥቀው አንድ የኦክሲጂን አቶም ይወጣል፤ አቶሙም ከአየሩ ኦክሲጂን ጋር ተጣምሮ ኦዞን ይሆናል። የባሕሩ ነፋስ ይህን ሁሉ እያበሰለ ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋ፣ ከፍተኛው ኦዞን የሚገኘው በጠረፉ ሳይሆን ወደ ሳን በርናርዲኖ ነው። በስትራቶስፌር ሃይድሮካርቦን እጅግ ጥቂት ስለሆነ ክሎሪን በቀጥታ ኦዞኑን ያጠቃል። እንግዲህ አቶሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

ይህ የጠረፍ ነገር ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስሕተት ይሆናል። በ2010 የታተመ ጥናት ናይትሪል ክሎራይድን ከባሕር 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በቦልደር፣ ኮሎራዶ፣ አግኝቶታል። ክሎሪን ከጨው ብቻ ሳይሆን ከሚቃጠል ቆሻሻና ፕላስቲክም ይወጣል። አዲስ አበባን እናስብ፦ የመኪና ጭስ አለ፤ ቆሻሻ በየመንደሩ ይቃጠላል፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍም አይሶፕሪንን በብዛት ከሚያወጡ ዛፎች አንዱ ነው። ንጥረ ነገሮቹ ሁሉ ተሟልተዋል። የጎደለው ልኬት ነው።

ስለዚህ በውጭ ያለን የሞያው ሰዎች ለአገራችን የምናበረክተው ምክር ከሎስ አንጀለስ የተቀዳ ሕግ መሆን የለበትም። ሎስ አንጀለስ የምታስተምረን አንዱን ጭስ ከሌላው ነጥሎ መመልከት እንደሚያሳስት ነው። ዛፉንና ጨውን መክሰስ አይገባም፤ ሁለቱንም ለሳንባ ጠንቅ የሚያደርጋቸው ከሞተርና ከእሳት የሚወጣው የእኛው ጭስ ነው። ሊቀነስ የሚችለውም እርሱ ነው።