ማዕድ ቤትዎን ሲያድሱ መብራት የሚጠፋበትን ቀን ያስቡ

አንዲት ወዳጃችን ዕቁብ ስትጥል ቆይታ በደረሳት ገንዘብ ማዕድ ቤቷን አሳደሰች። በጭስ የጠቆረው ግድግዳ ነጭ ሴራሚክ ለበሰ፤ የእንጨት መደርደሪያው ተነሥቶ ቁም ሳጥን ተሰቀለ፤ አዲስ የዕቃ ማጠቢያና የኤሌክትሪክ ምድጃ ተገጠመ። ከጣሪያው ሥር የነበረው የጭስ መውጫ ግን «አቧራ ያስገባል፣ መልኩንም ያበላሻል» ተብሎ ተደፈነ። አሮጌው መስኮትም በማይከፈት መስታወት ተተካ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

ሳምንታት አለፉና አንድ ዝናባማ ምሽት መብራት ጠፋ። እራት አልደረሰም ነበርና ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀለት በኋላ ወደ ውስጥ ገባ። ብርድ እንዳይገባም በሩ ተዘጋ። ወጡ ሳይበስል ልጇ «ራሴን አመመኝ» አለች፤ ጥቂት ቆይታም አስመለሳት። እናትየው ልጇን ልታነሣ ስትሞክር ጉልበቷ ከዳት። ሻማ ሊዋስ የመጣ ጎረቤት በሩን ባይከፍት ኖሮ የሚሆነውን መገመት አይከብድም። እናትና ልጅ ሆስፒታል ተወስደው ኦክስጅን ተሰጣቸውና ተረፉ።

ውድ አንባቢያን፣ ያን ምሽት በክፍሉ ውስጥ የሚታይ ጭስ አልነበረም። ቤቱም ከመቼውም ጊዜ ይልቅ አምሮበት ነበር። ስህተቱ እድሳቱ የታቀደው መብራት ላለበት ቀን ብቻ መሆኑ ነው። ማዕድ ቤት ለማደስ ካሰቡ፣ ሴራሚክና ቁም ሳጥን ከመምረጥዎ በፊት ለቤተሰብዎ ጤና ሲሉ ሊያስቧቸው የሚገቡ ነጥቦችን በዛሬው ዝግጅታችን እናካፍልዎታለን።

ከግንበኛው በፊት ሦስት ጥያቄዎች

ግንበኛ ከመጥራትዎ በፊት ወረቀትና እስክርቢቶ ይዘው ማዕድ ቤትዎ ውስጥ ይቁሙ። ሦስት ጥያቄዎችን ለራስዎ ይመልሱ። በቤታችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበስለው ማን ነው? በምን እናበስላለን፤ በኤሌክትሪክ፣ በጋዝ፣ በከሰል ወይስ በእንጨት? መብራት ሲጠፋስ በምን እናበስላለን?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በከተማ የምንኖር አብዛኞቻችን «እኛ የምንጠቀመው ኤሌክትሪክ ነው» እንላለን። ነገር ግን ለቡና፣ ለዓመት በዓል ዶሮ ወጥ፣ መብራት ለጠፋበት ቀን ከሰሉ ከቤታችን አይጠፋም። ከሰል ከቤት የማይጠፋ ከሆነ፣ በእቅዱ ላይም ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በረንዳ ወይም ግቢ ካለዎት፣ ዝናብ የማያገኘው ጎኑ ግን ክፍት የሆነ አንድ ጥግ ለከሰል ምድጃ ይከልሉ። እንዲህ ያለ ቦታ ካለ፣ በዝናብ ቀን ከሰሉን ወደ ቤት ለማስገባት ምክንያት አይኖርም።

የሚታየው ጭስና የማይታየው መርዝ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። የማገዶ ጭስ በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ በአዋቂዎች ላይ ደግሞ ለማያቋርጥ የሳንባ በሽታ፣ ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለሳንባ ካንሰር ያጋልጣል። ይበልጥ የሚጎዱትም ምድጃው አጠገብ የሚውሉት እናቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው።

የፋመ ከሰል ደግሞ ሌላ አደጋ አለው። ጭሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ መልቀቁን ይቀጥላል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ንጥረ ነገር ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ ሰውነታችን ሳናውቀው ኦክስጅን ያጣል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ድካም ወይም ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት። ሁሉንም ሰው ወዲያው ወደ ደጅ ያውጡና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱ።

ስለዚህ በእድሳቱ ወቅት የመጀመሪያው ገንዘብ ለአየር መተላለፊያ ይዋል። አንድ መስኮት ብቻውን በቂ አይደለም፤ አየር የሚገባበትም የሚወጣበትም ያስፈልገዋል። ከተቻለ ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች ላይ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው ያሠሩ። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛው ክፍት ቦታ ጭሱን ያስወጣል፤ የታችኛው ንጹሕ አየር ያስገባል። የላይኛው ዝንብና አይጥ እንዳያስገባ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን እንጂ አይደፈን።

በተለምዶ ሁድ የሚባለውን የጭስ መሳቢያ ለመግዛት ካሰቡ፣ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ ያወጣል ወይስ አጣርቶ መልሶ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል? መልሶ የሚለቀው ዓይነት ሽታና ቅባት ቢቀንስም ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስወግድም። ደግሞም መሳቢያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ በመሆኑ መብራት በጠፋ ጊዜ ከሰል ለሚያስገባ ሰው አይደርስለትም። መስኮቱ የግድ ነው የምንለውም ለዚህ ነው።

በእንጨት የሚጋግሩ ከሆነ በሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ክፍት ከሆነው ሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ሆኖም ማገዶ ቀነሰ ማለት ጭስ የለም ማለት ስላልሆነ፣ ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ የሚወጣ የጭስ ማውጫ ይደረግለት።

ምጣዱ የራሱ መስመር ይኑረው

የኤሌክትሪክ ምጣድ በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ከፍተኛውን ኃይል ከሚወስዱት አንዱ ነው። አብዛኛው ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይጠቀማል። ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ14 እስከ 18 አምፔር ያህል ነው። ምጣድን ከማቀዝቀዣና ከውሃ ማፍያ ጋር በአንድ ዲቫይደር መሰካት ሽቦውን ያግላል፤ ላስቲኩ ይቀልጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው እሳት ነው። ሶኬቱ ሲነካ የሚሞቅ፣ የጠቆረ ወይም የተቃጠለ ላስቲክ የሚሸት ከሆነ ለጋገራ እንደገና አይጠቀሙበት።

ግድግዳው ሴራሚክ ሳይለብስ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ለምጣዱ ከቆጣሪው ሳጥን ተነሥቶ የሚመጣ ራሱን የቻለ ወፍራም የመዳብ ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስገጥሙ። የመሬት ሽቦ መኖሩን ያስፈትሹ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ሲያልፍ በቅጽበት የሚያቋርጠውን መሣሪያ ዋጋው ከቻለልዎ ይጨምሩበት። ሶኬቶች ከዕቃ ማጠቢያው ውሃ ከሚረጭበት ቦታ ይራቁ። ይህ ሁሉ ከሴራሚኩ በፊት ካልተሠራ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል፤ ብዙ ሰውም ማፍረሱን ስለሚፈራ አደጋውን ተሸክሞ ይኖራል።

ጋዝ ለሚጠቀሙ

የሲሊንደር ጋዝ ንጹሕ ማብሰያ ነው። አፈሳሱን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወደ ታች ወርዶ ወለል ላይ ይጠራቀማል። በመሆኑም በሩ አጠገብ ወይም ግድግዳው ግርጌ ላይ ወደ ውጭ የሚያወጣ ክፍት ቦታ ሊኖር ይገባል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ቆሞ ይቀመጥ፤ በተቻለ መጠን ከቤት ውጭ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይሁን። በተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይደበቅ። ጎማውን በየጊዜው የሳሙና አረፋ እየቀቡ ይፈትሹ፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት መፈተሽ ፈጽሞ አይገባም። ሽታ ከተሰማዎ ማብሪያና ማጥፊያ ሳይነኩ ሲሊንደሩን ዘግተው በርና መስኮት ይክፈቱ።

የዕቃ ማጠቢያና ቧንቧ ሲመርጡ

የዕቃ ማጠቢያ ሲገዙ ትልቁን ድስትዎን በሐሳብዎ ይዘው ይሂዱ። ድስቱ ገንዳው ውስጥ የማይገባ ከሆነ ወለል ላይ መታጠቡ አይቀርም። የቧንቧው አንገት ረዘም ያለ፣ መክፈቻውም በክንድ ወይም በእጅ ጀርባ ሊገፋ የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ጥሬ ሥጋና ዶሮ ሲገነጥሉ በቆሸሸ እጅ ቧንቧውን ከጨበጡት፣ የታጠበው እጅ መልሶ እዚያው ይቆሽሻል።

ከማጠቢያው ሥር ሁልጊዜ ውሃ የሚይዘው ጠማማ ቱቦ፣ ማለትም ሲፎኑ፣ መገጠሙን ያረጋግጡ። መጥፎ ሽታና በረሮ ከፍሳሹ እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። አዲስ ቧንቧ ከተገጠመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጠዋት ጠዋት ውሃውን ጥቂት ደቂቃ ያፍስሱና ለማጠቢያ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ ለመጠጥና ለወጥ ይቅዱ። ውሃ በሚጠፋበት ሰፈር ለጀሪካንና ለበርሜል ቦታ ያስቡ። ማጠራቀሚያው ክዳንና ከግርጌው መክፈቻ ያለው ይሁን። በየጊዜው ጣሳ የሚጠልቅበት ውሃ ለተቅማጥ በሽታ በር ይከፍታል።

ከፍታው በአብሳይዋ ልክ

የሥራ ጠረጴዛ ከፍታ በግንበኛው ልማድ መወሰን የለበትም። በብዛት የሚያበስለው ሰው ቀጥ ብሎ ይቁምና ክርኑን ይጠፍ፤ ጠረጴዛው ከክርኑ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ከዚያ ካነሰ ወገብ ያጎብጣል፤ ከበዛ ትከሻ ያሳምማል። ምጣዱ ደግሞ ከሥራ ጠረጴዛው ዝቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ አክንባሎው ሲነሣ እንፋሎቱ ፊት ይመታል።

ወለል ላይ ያለ እሳት ለሚድህ ሕፃን ትልቁ አደጋ ነው። ምድጃው ከፍ ይበል፤ ከበሩ መተላለፊያም ይራቅ። የድስት እጀታዎች ወደ ግድግዳው ይዙሩ፤ የውሃ ማፍያው ገመድ ከጠረጴዛው ላይ አይንጠልጠል። ወለሉ ሲረጥብ የማያንሸራትት ሴራሚክ ይሁን፤ የሚያብረቀርቀውን ለሳሎን ይተዉት። ከምድጃው ጎን ያለ መስኮት መጋረጃ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቃጠሎ ቢደርስ፣ የተቃጠለውን አካል ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያቆዩት። በረዶ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ዱቄት ወይም ሊጥ አይቀቡበት። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትን፣ እጅን፣ ብልትን ከነካ፣ የተቃጠለውም ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው።

ሥራው እየተሠራ ሳለ

አሮጌ ቀለም በውስጡ እርሳስ የተባለውን ብረት ሊይዝ ይችላል። በደረቁ ሲፋቅ የሚነሣው አቧራ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። ሠራተኞቹ ቀለሙን አርጥበው እንዲፍቁ፣ አፍንጫና አፋቸውን እንዲሸፍኑ ይንገሯቸው። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች እድሳቱ እስኪያልቅ ከአካባቢው ይራቁ። አቧራው በደረቅ መጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ። አዲስ ቀለም ሲገዙም እርሳስ የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ።

ገንዘቡ ካነሰ

ሁሉን በአንድ ጊዜ መሥራት ለብዙዎቻችን አይቻልም። ቅደም ተከተሉ ግን በእጃችን ነው። መጀመሪያ የአየር መተላለፊያ፣ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሦስተኛ ውሃና ፍሳሽ፣ አራተኛ የምድጃው ከፍታና ወለሉ ይሠሩ። ሴራሚኩና ቁም ሳጥኑ ለሚቀጥለው ዕቁብ ቢቆዩ ማንንም አያሳምሙም። የተከራዩ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የተደፈነውን መስኮት ለማስከፈት አከራይዎን ያነጋግሩ፤ ከሰሉንም ደጅ ያድርጉ።

ወዳጃችን ከሆስፒታል በተመለሰች በሳምንቱ ያንኑ ግንበኛ ጠርታ ከነጩ ሴራሚክ ላይ ሁለት ረድፍ አስነቀለች፤ የጭስ መውጫውም ተከፈተ። አሁን ግድግዳው እንደ በፊቱ የተስተካከለ መልክ የለውም። «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ለጠየቃት እንግዳ ሁሉ ግን ወንበር ስባ ታሪኩን ትነግረዋለች። እርስዎም ዛሬ ወደ ማዕድ ቤትዎ ገብተው ቀና ይበሉና አየሩ በየት እንደሚወጣ ይመልከቱ።