ድንገት ለሚጠፋ ኮምፒዩተር ፎርማት መድኃኒቱ አይደለም

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር እየሠራ ሳለ፣ ገመዱ ከሶኬት እንደተነቀለ ሁሉ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ።» ይህ እምነት በጥገና ቤትም፣ በመሥሪያ ቤትም፣ በየቤቱም ሥር ሰዷል። እውነታው ሌላ ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ የሚጠፋ ኮምፒዩተር ሕመሙ በአብዛኛው ያለው ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ወይም በሙቀት ላይ ነው። ከተጠርጣሪዎቹ ግንባር ቀደሙ ደግሞ ፓወር ሰፕላይ ነው።

እምነቱ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ፤ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው ዝም ሊባል የማይገባው። ቅጂ ሳይያዝ ፎርማት በተደረገ ሀርድ ዲስክ የሁለት ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሂሳብ ወይም ዳግም የማይነሣ የቤተሰብ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ከፍሎ ኮምፒዩተሩን ወደ ቤቱ ይወስዳል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ያው ኮምፒዩተር እንደ ቀድሞው ድርግም ይላል። ፋይሉ ጠፋ፣ ገንዘቡ ወጣ፣ ሕመሙ ግን አልተነካም።

እምነቱ ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ2003 ብላስተር፣ በ2004 ደግሞ ሳሰር የተባሉት ትሎች በኔትወርክ እየተሰራጩ የዊንዶውስ ኤክስፒና የዊንዶውስ 2000 ኮምፒዩተሮችን በእርግጥም ሲያስጠፉ ነበር። በዚያ ዘመን ሙያውን የተማረ ሰው መጥፋትንና ቫይረስን አያይዞ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን የእነዚያ ትሎች አጠፋፍ የራሱ መልክ ነበረው። ትሉ የዊንዶውስን አንድ ዋና አገልግሎት ሲያፈርስ ስክሪኑ ላይ መልእክት ይወጣል፤ 60 ሰከንድ ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ ከዚያ ዊንዶውስ ራሱን ዘግቶ ይነሣል። ሶፍትዌር ኮምፒዩተር ሲያጠፋ በተለመደው መንገድ ለዊንዶውስ ትእዛዝ ሰጥቶ ነው፤ ትእዛዝ የደረሰው ዊንዶውስም ፕሮግራሞቹን ይዘጋል። ሶፍትዌሩ ተጋጭቶ ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ ስክሪን ይታያል። በአንድ ቅጽበት፣ ፋኑም መብራቱም ስክሪኑም አብረው ሲቆሙ ግን ትእዛዝ አልተሰጠም፤ የተቋረጠው ኃይሉ ነው።

አንድ ልዩ ሁኔታ መጠቀስ አለበት። ክሪፕቶ የሚቆፍር ቫይረስ ፕሮሰሰሩን ወይም ግራፊክስ ካርዱን ሌት ተቀን በሙሉ አቅሙ ሊያሠራው ይችላል። በዚህ ጊዜ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ጭነቱን መሸከም ያቅተዋል፤ አቧራ የሞላው ማቀዝቀዣም ይሸነፋል። ቫይረሱ መጽዳት ያለበት ቢሆንም ድክመቱን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ጤነኛ ዴስክቶፕ በሙሉ ጭነት ለሰዓታት ሊሠራ ይገባዋል።

ታዲያ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ኮምፒዩተሩ ለጥቂት ቀናት የሚድን የሚመስለው ለምንድን ነው? እምነቱን ያቆየው ይህ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ቀላል ነው። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ከባድ ፕሮግራም የለበትም፤ ስለዚህ የሚስበው ኃይል ትንሽ ነው። ኬዙ ተከፍቶ ከሆነም በአጋጣሚ አቧራው ይራገፋል፤ ላልቶ የነበረ ሶኬትም ይጠብቃል። ጥገና ቤት ያለው የመብራት መስመርም የደንበኛው ቤት መስመር አይደለም። እነዚህ ሁሉ ሲደመሩ ምስጋናው ለፎርማቱ ይሄዳል። ኬዙን ሳይከፍት፣ «መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ፎርማት የሚያዝ ባለሙያ ምርመራ አላደረገም፤ ላልመረመረውም ነገር ሊያስከፍል አይገባም።

ጥርጣሬውን በቀላሉ የሚቆርጥ ፈተና አለ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ለአንድ ሰዓት ይተዋል። ወይም ኡቡንቱን የመሰለ ሊኑክስ ከፍላሽ ላይ ይነሣና ዊንዶውስ ያለበት ሀርድ ዲስክ ተነቅሎ ይሠራበታል። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስና በውስጡ ያለ ቫይረስ ከክሱ ነጻ ናቸው፤ በቦታው አልነበሩምና። ዊንዶውስ እየተጫነ ሳለ መሀል ላይ የሚጠፋ ኮምፒዩተርም ያንኑ ይመሰክራል፤ ያኔ አሮጌው ዊንዶውስ ከነቫይረሱ ጠፍቷል። ይህን ምስክር እያዩ ፎርማቱን ሦስት ጊዜ የሚደጋግሙ መኖራቸው ያሳዝናል።

ባዮስ ውስጥ አለመጥፋቱ ግን ፓወር ሰፕላዩን ነጻ አያወጣውም፤ እዚያ ጭነቱ ቀላል ነውና። የዊንዶውስ መዝገብም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ኢቬንት ቪወር ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ምልክት ሲታይ «ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል ማለት ነው» የሚሉ አሉ። ቁጥር 41 የሚናገረው ዊንዶውስ በሥርዓት ሳይዘጋ መቅረቱን ብቻ ነው። ይበልጥ የሚጠቅመው በዝርዝሩ ውስጥ ያለው የስሕተት ኮድ ነው፦ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ካለበት ሰማያዊ ስክሪን ተፈጥሯል፤ ፍለጋው ወደ ራም፣ ወደ ድራይቨርና ወደ ዲስክ ይዞራል። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ አንድም ቃል ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም፤ የኃይል መቋረጥ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይለውጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ኤቲኤክስ በተባለው ደረጃ መሠረት እነዚህ ቮልቴጆች ከ5 በመቶ በላይ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲሉ አይፈቀድም፤ 12 ቮልቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ሁሉም ሲስተካከል ፓወር ሰፕላዩ በግራጫው ሽቦ «ኃይሉ ደህና ነው» የሚል ምልክት ለማዘርቦርዱ ይልካል። ምልክቱ ለቅጽበት ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ሥራውን ያቆማል።

በውስጡ ቶሎ የሚያረጁት ካፓሲተሮች ናቸው። ኤሌክትሪክ ያጠራቅማሉ፤ መብራት ለቅጽበት ሲዋዥቅ ክፍተቱን የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ በሙሉ ጭነት እንኳ 16 ሚሊሰከንድ ያህል እንዲታገሥ ይጠበቃል፤ በ50 ኸርዝ መስመር አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ስለሆነ ትዕግሥቱ አንድ ዙር እንኳ አይሞላም። በካፓሲተር ውስጥ ያለው ፈሳሽ በሙቀት ሲደርቅ ይህችም ታንሳለች። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የመሐንዲሶች ግምት፣ አቧራ የዘጋው ፓወር ሰፕላይ ለምን ቶሎ እንደሚሞት ያስረዳል። የእንጀራ ምጣድ በተሰካ ቁጥር የሚጠፋ ኮምፒዩተርም በዚሁ ይፈታል። ምጣዱ ብዙ ኪሎዋት ሲስብ የቤቱ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ አምፖሉ በጥቂቱ ይደበዝዛል፤ የደከመው ፓወር ሰፕላይ ግን ይረታል።

የአጠፋፉ ጠባይ ብዙ ይናገራል። ጌም ሲከፈት ወይም ቪዲዮ ሲቀናበር የሚጠፋ ከሆነ የኃይል ወይም የሙቀት ነገር ነው። ጠፍቶ ገመዱ ካልተነቀለና ጥቂት ካልተጠበቀ የማይነሣ ከሆነ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያው አልነሣ ብሎ በሦስተኛው የሚነሣው ካፓሲተሩ ማርጀቱን ያመለክታል። ከበራ በኋላ አሥር ደቂቃ እየሠራ፣ እየሞቀ የሚጠፋ ከሆነ ግን ፓወር ሰፕላይ ከመግዛት በፊት የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ይታይ፦ አቧራው ይጽዳ፣ የደረቀው ቴርማል ፔስት ይቀየር። ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ አልበቃ ሲለው ራሱን ለማዳን ኃይሉን ያስቆርጣል። ከሁሉም በፊት ደግሞ የማይከፈልበት ይሞከር፦ ገመዱና ዲቫይደሩ ይቀየሩ፤ ኮምፒዩተሩ በቀጥታ በግድግዳ ሶኬት ይሰካ። የላላ ዲቫይደር የሞተ ፓወር ሰፕላይ መስሎ የሚታይበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

«ፋኑ ከዞረ ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው» የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ፋን ለመዞር ጥቂት ዋት ይበቃዋል። አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በሽቦ አገናኝቶ ማስነሣትም የሚያሳየው ፓወር ሰፕላዩ መነሣቱን እንጂ ጭነት መሸከሙን አይደለም። መልቲሜትር ይሻላል፦ ኮምፒዩተሩ ከባድ ሥራ ላይ እያለ በቢጫና በጥቁር ሽቦ መካከል ሲለካ ከ11.4 ቮልት በታች ከወረደ ጥፋቱ ተገኝቷል። ትክክለኛ ቁጥር ማሳየቱ ግን ጤንነቱን አያረጋግጥም፤ መልቲሜትር አማካዩን እንጂ በሰከንድ ሺኛ ክፍልፋይ የሚመጣውን መዋዠቅ አያይም። በተግባር የመጨረሻው ፈተና ጤነኛ መሆኑ የታወቀ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው።

ስለ መፍትሔዎቹም የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ያስተካክላል፤ መብራት ሲቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ግን የለውም፤ ያ የዩፒኤስ ሥራ ነው። «ዋቱ የበዛ ፓወር ሰፕላይ መብራት ይበላል» የሚባለውም አይሠራም። 150 ዋት የሚያስፈልገው ኮምፒዩተር 600 ዋት ቢገጠምለትም የሚስበው ያንኑ 150ና በመለወጥ ላይ የሚባክነውን ነው።

በማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ግን ማታለያ ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት በጎኑ ባለው ሰንጠረዥ ከ12 ቮልት ሥር የተጻፈው አምፒር ነው። «500 ዋት» የሚል ተለጥፎበት በ12 ቮልት 18 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኙት 216 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቢሮ ኮምፒዩተር እውነተኛ 300 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ከመግዛት በፊት አሮጌው ተፈትቶ መታየት አለበት፤ ሁሉም ዴስክቶፕ አንድ ዓይነት ፓወር ሰፕላይ አይቀበልምና። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020፣ 7020 እና 9020 ለማዘርቦርዱ ባለ 8 እግር ሶኬት ይጠቀማሉ፤ በርካታ የኤችፒ ፕሮዴስክና ኤሊትዴስክ ደግሞ ባለ 6 እግር። የተለመደው ባለ 24 እግር በቀጥታ አይገባባቸውም፤ የዚያው ሞዴል ፓወር ሰፕላይ ወይም ትክክለኛ አዳፕተር ያስፈልጋል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው አሮጌ ዴስክቶፕም ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ከመሰካቱ በፊት ወደ 230 መዞር አለበት። በ115 እንዳለ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሰካ በቅጽበት ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ግን ይህ አያሰጋውም።

ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ከፍቶ «ካፓሲተሩን ብቻ እንቀይር» የሚለው ምክር ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። በውስጡ ያለው ዋናው ካፓሲተር ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል፤ ገመዱ ከተነቀለ በኋላም የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ ለጊዜው ሊቆይ ይችላል። በሥራው የሠለጠነ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም።

መቀየሩ ግን ከባድ አይደለም። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ቀድሞ ይገለበጣል፤ ኮምፒዩተሩ ባይነሣ ዲስኩ በሌላ ኮምፒዩተር ተሰክቶ። የግድግዳው ገመድ ይነቀላል፤ የቀረው ኃይል እንዲፈስ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫናል። የሽቦዎቹ አቀማመጥ በስልክ ፎቶ ይነሣል፤ ከዚያ ሶኬቶቹ መያዣቸው እየተጫነ ይነቀላሉ፤ በኬዙ ጀርባ ያሉት አራት ብሎኖች በካቻቪቴ ይፈታሉ። አዲሱ ሲገባ ሁለት ነገር ያስፈራል። አንደኛው የፕሮሰሰሩንና የግራፊክስ ካርዱን ባለ 8 እግር ሶኬቶች ማምታታት ነው፤ ይመሳሰላሉ፣ የሽቦዎቹ አሰላለፍ ግን ተቃራኒ ነው፤ አልገባም ያለ ሶኬት በጉልበት አይገፋም። ሁለተኛው ሽቦው የሚነቀል ፓወር ሰፕላይ በሆነ ጊዜ የአሮጌውን ሽቦ በአዲሱ ላይ መጠቀም ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አደራደር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሀርድ ዲስክ በአንድ ማብራት ሊቃጠል ይችላል። ከአዲሱ ጋር የመጣው ሽቦ ብቻ ይሰካ።

ከተገጠመ በኋላ ኮምፒዩተሩ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት በከባድ ሥራ ይፈተናል፤ በተለይም ቀድሞ ያጠፋው በነበረው ሥራ። አዲሱም ተገጥሞ ከጠፋ ጥርጣሬው ለፕሮሰሰሩ ኃይል ወደሚያከፋፍለው የማዘርቦርዱ ክፍል ያልፋል፤ በዚያ አካባቢ ጭንቅላታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች ካሉ በዓይን ይታያሉ። ካልጠፋ ደግሞ ተደጋጋሚው መጥፋት የዊንዶውስን ፋይሎች አበላሽቶ እንደሆነ ይጣራል፦ ዲስኩ በቼክ ዲስክ፣ የዊንዶውስ ፋይሎች በሲስተም ፋይል ቼከር ይመረመራሉ። እነዚህ ያላቃኑት ጉዳት ከተገኘ፣ የተገለበጠው ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥና ዊንዶውስ ያኔ እንደገና ይጫናል።