ቲያን ሆክ ኬንግ፦ ከማዕበል የተረፉ ሰዎች ያቆሙት ቤት

በሲንጋፖር የሚገኘው ቴሎክ አየር ጎዳና ዛሬ በባንኮችና በቢሮ ፎቆች ተከቧል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የባሕር ዳርቻ ነበር። ከቻይናዋ የፉጂያን ጠረፍ በሸራ መርከብ የተነሡ ስደተኞች የሚወርዱት እዚህ ነው። ማዕበሉንና በሽታውን አልፎ ምድር የረገጠ ሰው፣ ሥራም ማደሪያም ሳይፈልግ በፊት በዳርቻው ወደነበረች ትንሽ የጸሎት ቤት ገብቶ ዕጣን ያጨስና ስለቱን ያገባ ነበር።

ስለቱ ለማዙ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ማዙ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በፉጂያን፣ በሜይጆው ደሴት የተወለደች ሊን ሞ የምትባል ልጃገረድ ነበረች። በባሕር የሚጠፉትን ትታደግ ስለነበር ከሞተች በኋላም መርከበኞች ስሟን መጥራት አልተዉም።

ከ1839 እስከ 1842 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ ሆኪየን የሚባሉት የፉጂያን ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው በትንሿ ቤት ቦታ ቲያን ሆክ ኬንግ የተባለውን ቤተ መቅደስ ሠሩ። ከሁሉ የላቀውን መዋጮ የሰጠው ታን ቶክ ሴንግ ነው። አትክልትና ዶሮ በመሸጥ ጀምሮ ባለጸጋ የሆነ የማላካ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1844 ለድሆች ሕሙማን የተመሠረተው ሆስፒታል እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የማዙ ሐውልት ከቻይና በመርከብ የመጣው በ1840 ሲሆን በታላቅ አጀብ ወደ ቤተ መቅደሱ ገባ።

ሕንፃው በዝግታ ሊታይ ይገባዋል። የጣሪያው እንጨቶች እርስ በርስ ተሰካክተው ተያያዙ እንጂ ምስማር አልተመታባቸውም። ዘንዶ የተቀረጸባቸው የድንጋይ ዓምዶች ከቻይና መጡ፤ የብረት አጥሩ ደግሞ የስኮትላንድ ከተማ ከሆነችው ከግላስጎው። በጣሪያው ጫፍ ላይ የተጋደሙት ዘንዶዎች በቀለማት የደመቁት በሸክላ ስብርባሪ ነው። ወደብ ላይ የሚኖር ሕዝብ ከየአገሩ የመጣውን ዕቃ ለአምልኮው አዋለው።

ለእኔ ግን ከጥበቡ የሚበልጠው የቤቱ አገልግሎት ነው። ዘመድ ለሌለው ስደተኛ ይህ ቤት ዘመድ ነበር። የሆኪየን ማኅበር ጽሕፈት ቤት በቅጥሩ ውስጥ ነበር፤ የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎችም የሕዝባቸውን ጉዳይ የሚመክሩት እዚያው ነው። በ1915 ደግሞ በዚሁ ግቢ ለልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

በዚሁ ጎዳና ከደቡብ ሕንድ በባሕር የመጡ ታሚል ሙስሊሞች በ1820ዎቹ መጨረሻ የአል አብራር መስጊድንና የናጎር ደርጋን አቁመዋል። ባሕር የተሻገረ ሁሉ ምስጋናውን በየእምነቱ አደረሰ።

በ1907 የቻይናው የቺንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ጓንግሹ ለቤተ መቅደሱ የጽሑፍ ሰሌዳ ሰጠ። ባሕሩ ያኔ ርቆ ነበር፤ ከ1880ዎቹ ጀምሮ ዳርቻው በአፈር እየተሞላ ከተማ ሆኗል። ቤቱ በ1973 ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ ከ1998 እስከ 2000 የተደረገለት እድሳትም በ2001 ከዩኔስኮ የእስያና ፓሲፊክ ቅርስ እውቅና አገኘ።

በውስጡ የቆመው የ1850 የድንጋይ ጽሑፍ የለጋሾችን ስም ይዘረዝራል። ስሙ በድንጋይ ያልተጻፈው ተሸካሚና ቀን ሠራተኛ በበኩሉ በ2017 የራሱን ቦታ አገኘ፤ በኋለኛው ግንብ ላይ ያኔ የተሣለው ከ40 ሜትር በላይ የሚረዝም ሥዕል የሆኪየኖችን ስደትና ድካም ከመርከብ ጉዟቸው ጀምሮ ተረከ።