«በወር 149 ሼኬል ብቻ»

ስልኩ ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ልጆች ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት በዋሉበት ሰዓት ነው። ደዋዩ ትሑት ነው፤ አንዳንዴ አማርኛ ተናጋሪ ይሆንና «እማዬ፣ እንደምን ዋሉ?» ብሎ ጤና ይጠይቃል። ከዚያ ወደ ፍራሹ ወይም ወደ ውሃ ማጣሪያው ይገባል። ዋጋው ስንት ነው ሲባል አንዱን ቁጥር ብቻ ይነግራል፦ «በወር 149 ሼኬል ብቻ፣ በታሽሉሚም።»

149 ለጆሮ ቀላል ነው። ግን ዋጋ አይደለም፣ የዋጋው ቁራሽ ነው። ሙሉውን ለማወቅ ሁለተኛ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ስንት ወር? ደዋዩ «36» ካለ ነገሩ ሦስት ፋሲካ ይሻገራል ማለት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ «አሁን በጥሬው ብከፍልስ?» የሚለው ነው። ለእነዚህ ዕብራይስጥ ማንበብ አያስፈልግም። ውሉን የልጅ ልጅ እስኪያነበው መጠበቅ ግድ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ግን ሽማግሌው ራሱ ሊይዘው ይችላል።

149 በ36 ሲባዛ ስንት ነው? እዚህ ላይ ፊደል ሳይቆጠር በአገር ቤት ገበያ ሲነገድ የኖረ ትውልድ ሊያፍር አይገባም። በጠጠርና በባቄላ የሚሠራ፣ ማጠፍና ማጋመስ ብቻ የሚጠይቅ የማባዣ ዘዴ አለ፤ የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል። የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ የሚሉትም አሉ፣ የጥንት ግብጾችም ተመሳሳይ ነበራቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። በግራ በኩል 36ን እያጋመሱ መውረድ፣ ትርፍ አንድ ካለች መጣል፦ 36፣ 18፣ 9፣ 4፣ 2፣ 1። በቀኝ በኩል በዚያው ልክ 149ን ማጠፍ፦ 149፣ 298፣ 596፣ 1,192፣ 2,384፣ 4,768። በግራ ያለው ቁጥር ለሁለት እኩል የሚከፈል ከሆነ ያ መስመር ይሰረዛል። የሚቀሩት ጎዶሎዎቹ 9 እና 1 ናቸው፤ በትይዩአቸው 596 እና 4,768 አሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 5,364 ሼኬል።

እቃው በጥሬው 3,900 ቢሆን ልዩነቱ 1,464 ሼኬል ነው። ለ36 ወር ሲካፈል፣ ገዢዋ በየወሩ 40 ሼኬል ከምናምን የምትከፍለው ለፍራሹ ሳይሆን ለመቆየቱ ነው። ይህ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ፍሪጁ ተበላሽቶ፣ በእጅ ገንዘብ ከሌለ፣ 40 ሼኬሉ ዋጋ ያወጣ ይሆናል። ወለድ የሌለው ታሽሉሚምም አለ፤ ሲባዛ ከጥሬው ዋጋ ጋር እኩል ከመጣ ጉዳት የለውም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፦ 149 ላይ የቴሌቪዥኑ 90፣ የስልኩ 120፣ የመድን 85 ሲደረብ 444 ሼኬል ሆኗል፤ እያንዳንዱ ግን ሲመጣ «ብቻ» ተብሎ ነበር። ከባንክ የሚመጣውን ወረቀት ይዞ በኦራአት ኬቫ፣ ማለት በየወሩ በራሱ የሚቆረጠውን ሁሉ አንድ ቀን ተቀምጦ መደመር ያዋጣል።

በስልክ ተነጋግረው እሺ ካሉ በኋላ የተጸጸቱም ሁሉ በር አልተዘጋባቸውም። የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በስልክ የተገዛን ነገር ለመሰረዝ ለማንኛውም ሰው 14 ቀን ይሰጣል። ዕድሜው 65 የሞላው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ከመጣ 5 ዓመት ያልሞላው አዲስ ዖሌ ግን፣ ግዢው ከሻጭ ጋር በተደረገ ንግግር የተፈጸመ ከሆነ፣ 4 ወር አለው። ቶሎ እንደሚበላሽ ምግብ ያሉ ከዚህ የሚወጡ ነገሮች አሉ። ሰውየው ሐሳቡን ስለለወጠ ብቻ ሲሰርዝ የሚጠየቀው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼኬል ነው፤ ከሁለቱ ትንሹ። የ5,364 አምስት በመቶ 268 ሼኬል ስለሚሆን፣ ከ100 በላይ የጠየቀ ሻጭ ሒሳቡን ስቷል።

ሱፐር ውስጥ ያለው ሒሳብ አጭር ነው። 18 ሼኬል የሆነ አይብ በሚቭጻ «3 በ50» ሲባል ትርፉ 4 ሼኬል ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ሦስተኛውን ቢጥለው ግን ሁለቱን በ25 በ25 ገዛ ማለት ነው። ትልቁ እሽግ ርካሽ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መደርደሪያው ላይ በትንንሽ የተጻፈውን የ100 ግራሙን ዋጋ ማየት ይበቃል።

ለጎንደር ወይም ለአዲስ አበባ ዘመድ ገንዘብ መላክም ያው ነው። ለአንድ ጊዜ 25 ሼኬል የሚከፈል ቢሆን፣ በአራት ጊዜ 300፣ 300 የላከ ሰው 100 ሼኬል ለላኪው ድርጅት ሰጠ፤ 1,200ውን አንድ ጊዜ የላከ 25 ብቻ። ለታመመ ሰው ግን መቆየት አይቻልም፣ ያ ሌላ ነው። «ክፍያ የለንም» ሲሉም ዘመድ እጅ የሚደርሰውን ብር ለተሰጠው ሼኬል ማካፈልና ከሌላው ጋር ማወዳደር ነው፤ ክፍያው ምንዛሪው ውስጥ ተደብቆ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ዋስ መሆን ነው። የወንድም ልጅ ሊያገባ 60,000 ሼኬል ይበደራል፣ አጎቱ እንዲፈርምለት ይለምናል። እዚህ ላይ ይሉኝታ ከሒሳብ በፊት ይቀድማል። «ልጁ ጨዋ ነው፣ ይከፍላል» ማለት ሒሳብ አይደለም፤ ጨዋ ሰውም ከሥራ ይወጣል። ሒሳቡ ሁሉም ነገር አጎትየው ላይ ቢወድቅስ ብሎ የሚጀምር ነው። ብድሩ በወር 1,250 ለ60 ወር ከሆነ ጠቅላላው 75,000 ነው። ለአጎትና ለሚስቱ ከቢቱዋህ ሌኡሚ በወር 4,300 ቢገባ፣ ኪራይ፣ አርኖና፣ መብራት፣ መድኃኒትና ምግብ 3,700 ቢወስድ፣ የሚተርፈው 600 ነው። ከ1,250 ላይ 600 ሲቀነስ በየወሩ 650 ሼኬል ይጎድላል፤ ከመድኃኒቱ ወይም ከምግቡ ካልሆነ የትም አይመጣም።

እንዲህ የቆጠረ አጎት ልጁን ሲያስቀምጠው፣ ስለ ፍቅርና ስለ ጥላቻ መነጋገር አይኖርበትም። «ልጄ፣ ለዋስነቱ በወር 650 ይጎድለኛል። ከምትተርፈኝ 600 ላይ ግን 300 ሼኬል በየወሩ ለአሥር ወር እሰጥሃለሁ፣ 3,000 ነው፤ አዳራሹን ያን አስበህ ምረጥ» ሊለው ይችላል።