ስለ ፍሬ ዝንብ ዕድሜና ስለ ኤንዛይም ሥራ

በጠጅ ዕቃ አፍና በበሰለ ፍሬ ላይ የምታንዣብበው ታናሽ ዝንብ በሰው ዘንድ የተናቀች ናት። ነገር ግን ዕድሜዋ ሁለት ወይም ሦስት ወር ያህል ብቻ ስለሆነ፤ ሊቃውንት የእርጅናን ነገር በእርስዋ ይመረምራሉ። በ1910 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ቶማስ ሀንት ሞርጋን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ዐይኑ ነጭ የሆነ አንድ ወንድ ዝንብ አገኘ፤ በዚህም ምክንያት ጂን፤ ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው የዘር ትእዛዝ፤ በክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ አስረዳ።

ኤንዛይም በሕያው ሰውነት ውስጥ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የሚለውጥ ሠራተኛ ነው፤ የሚሠራውም በጂን ትእዛዝ ነው። ይህን ለመረዳት ብቅልን መመልከት ይበቃል። ገብስ ሲበቅል በውስጡ የሚነሣው ኤንዛይም ዱቄታሙን ክፍል ወደ ስኳር ስለሚለውጠው ብቅል ይጣፍጣል። በደረቁ ገብስም ትእዛዙ አለ፤ ነገር ግን ጊዜው ሳይደርስ አይሠራም። እንግዲህ የጂን አገዛዝ ማለት ኤንዛይም መቼ፤ የትና በምን ያህል መጠን እንዲገኝ መወሰን ነው።

ሕዋስ ምግብን በኦክሲጅን ሲያቃጥል፤ እሳት ፍንጣሪ እንደማያጣ፤ ሱፐሮክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይወጣል። ይህን የሚያበርደው ኤንዛይም ሱፐሮክሳይድ ዲስሙቴዝ ይባላል፤ ሥራውም በ1969 ታወቀ። በ1989 የዚህ ኤንዛይም ጂን የማይሠራባቸው ዝንቦች ዕድሜያቸው እንዳጠረ ተገለጠ። በ1998 ደግሞ ከሰው የተወሰደው የዚሁ ኤንዛይም ጂን ጡንቻን በሚያንቀሳቅሱ ነርቮች ውስጥ እንዲሠራ በተደረገ ጊዜ፤ የዝንቦቹ ዕድሜ እስከ 40 በመቶ ረዘመ። ይህም የአንድ ክፍል ጤና ለሰውነት ሁሉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ያሳያል።

ይሁን እንጂ ኤንዛይምን ማብዛት ሁልጊዜ ዕድሜን አይጨምርም። ቀድሞውንም ረጅም ዕድሜ ባላቸው ዝንቦች ላይ በተፈተነ ጊዜ፤ ውጤቱም በ2003 በታተመ ጊዜ፤ ይህን የመሰለ ጥቅም አልታየም። ጨው በልክ ሲሆን ወጥ እንደሚያጣፍጥ፤ ሲበዛም እንደማይረባ፤ የኤንዛይምም ጥቅም በቦታውና በመጠኑ ነው።

ስለዚህ አስተማሪ ገብስ አብቅሎና አድርቆ፤ ካልበቀለው ጋራ ለተማሪዎቹ ያስቀምስ፤ ልዩነቱም ከምን እንደ መጣ ይጠይቃቸው። ሽማግሎችም ዕድሜ ያረዝማል እየተባለ የሚሸጥ እንክብል ቢቀርብላቸው፤ በሰው ላይ ተፈትኖ እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ለዝንብ የጠቀመ ሁሉ ለሰው መድኀኒት አይሆንምና።