በረዶ ላይ በወፍራም ጎማ

በሶላት መክፈቻ ዱዓ ውስጥ ከኃጢአታችን በውሃ፣ በ«ሰልጅ» እና በ«በረድ» እንድንታጠብ አላህን (ሱ.ወ.) እንለምናለን። መድረሳ ውስጥ ይህን ዱዓ ለሕፃናት ስናስረዳ ሁለቱንም ቃላት «በረዶ» ብለን እናልፋቸዋለን፤ አማርኛችን ለሁለቱም ያለው ስም አንድ ነውና። «በረድ» ሐምሌና ነሐሴ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያችንን የሚደበድበው ጠጣሩ ነው። «ሰልጅ» ግን ድምፅ ሳያሰማ እንደ ተነደፈ ጥጥ እየወረደ ምድርን ለወራት ያለብሳል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚህኛው በረዶ መሃል ነው።

እዚያ ያለ ወላጅ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጭንቀት ይታወቃል። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በሩ ይዘጋል፤ የሚቀረው ሶፋውና ስልኩ ነው። የአገሬው ሰው ግን በዚያው ወቅት ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ወደ ጫካ ይወጣል። ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱ ጎማው የሞተር ብስክሌት ጎማ የሚያህል፣ «ፋት ባይክ» የሚባል ብስክሌት ነው።

ከአላስካ የመጣ ጎማ

እ.ኤ.አ. በ1987 አላስካ ውስጥ «ኢዲታባይክ» የተባለ 200 ማይል (320 ኪሎ ሜትር ያህል) የበረዶ ላይ የብስክሌት ውድድር ተጀመረ። የዚያን ጊዜ ጎማ ቀጭን ስለነበር ተወዳዳሪው ብዙውን መንገድ ብስክሌቱን እየገፋ ነበር የሚሄደው። አንዳንዶቹ ሁለት ቸርኬ ጎን ለጎን በብየዳ አያይዘው ሞከሩ። የፌርባንክሱ ሳይመን ራኮወር ደግሞ 44 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው «ስኖ ካት» የተባለ ቸርኬ አወጣ። ነገሩ ከጥቂት ሰዎች ጋራዥ ወጥቶ ገበያ የገባው ግን እ.ኤ.አ. በ2005፣ እዚያው ሚኒሶታ ብሉሚንግተን ከተማ ያለው ሰርሊ የተባለ ድርጅት 3.7 ኢንች ጎማ ያለውን «ፐግስሊ» በሠራ ጊዜ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የግመልን ኮቴ ማሰብ ይበቃል። ግመል አሸዋ ላይ የማትሰምጠው ቀላል ስለሆነች አይደለም፤ ኮቴዋ ተዘርግቶ ክብደቷን ስለሚያከፋፍል ነው። የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ እስከ 100 ፒ.ኤስ.አይ. ንፋስ ሲይዝ፣ ይህኛው በለስላሳ በረዶ ላይ ከ4 እስከ 8 ይበቃዋል። አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ቤት ውስጥ በ20 ዲግሪ ሙቀት 8 የተሞላ ጎማ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሆነ ሜዳ ላይ ሲወጣ ወደ 5 ይወርዳል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳልና። ስለዚህ ንፋሱን ውጪ ቆይቶ መለካት ይሻላል።

መንገዱም የራሱ ሐቅ አለው። በሚኒያፖሊስ ቴዎዶር ዊርዝ መናፈሻ እንዳሉት ያሉ መንገዶች ተደልድለው፣ ተጠቅጥቀው የሚዘጋጁ ናቸው። ጎማው ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ እየሰመጠ ከሆነ መመለስ ነው፤ ያ ቦይ ሌሊት ደርቆ በማግስቱ የሌላውን ሰው ልጅ ይጥላል። ጎጂን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን መሆኑን ለተማረ ሰው ይህ አዲስ ሕግ አይሆንም።

የእናቶች ጥያቄ

እናቶች በቅድሚያ የሚጠይቁት ስለ ብርዱ ነው፤ ትክክልም ናቸው። ንፋስ የተቀላቀለበት ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሲደርስ ያልተሸፈነ ቆዳ በ30 ደቂቃ፣ አንዳንዴም በ10 ደቂቃ ውስጥ ይደርቃል። እንዲህ ባለ ቀን ቤት መዋል ነው። ጣት ወይም ጆሮ ነጭቶ መደንዘዝ ከጀመረ በበረዶ ማሸትም ሆነ እሳት ላይ ማስጠጋት ጉዳት ነው፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማቆየትና ሐኪም ማሳየት ይገባል። ከውስጥ የሚለበሰው ጥጥ ባይሆን ይመረጣል። ጥጥ ላብ ይይዛል፣ ላቡም ልጁ ሲቆም ይቀዘቅዛል። ለሴት ልጆችም ከሂጃቡ ሥር የሚጠለቀው ስስ ሱፍ ቢሆን፣ የሻርፑ ጫፍ ከጃኬት ውስጥ ቢገባ፣ ቀሚሱም ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ ሰፋ ባለ ሱሪ ላይ አጠር ቢል መልካም ነው። ሐይቁ ነጭ ሆነ ተብሎ ደግሞ አይገባበትም፤ ለእግረኛ እንኳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጥርት ያለ ግግር ያስፈልጋል።

«ጊዜ ማጥፋት አይደለም ወይ?» የሚሉ አባቶችም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ውስጥ ፈረሶችን ያወዳድሩ እንደነበር፣ ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ጋርም ሮጠው እንደተሽቀዳደሙ በሐዲስ ተዘግቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ዋጋው ነው። አዲሱ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ በብዙ መቶ፣ የተሻለውም ከሺህ ዶላር በላይ ስለሚሸጥ፣ ለአንድ ቅዳሜ መከራየት ወይም ሁለት ሦስት ቤተሰብ ሆኖ አሮጌ መግዛት ይሻላል።

ውዱእና ሶላት

ሚኒሶታ ውስጥ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ዙህር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10 አካባቢ ይገባል፤ ዐስር ከ8 ሰዓት ተሩብ ግድም፤ መግሪብ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል። ዙህርን ሰግዶ የወጣ ልጅ ዐስር ጫካ ውስጥ ያገኘዋል ማለት ነው።

ለዚህ ሸሪዓው አስቀድሞ ገርቶልናል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ በውዱእ ላይ ሆኖ ያጠለቀ ሰው፣ ነዋሪ ከሆነ ለአንድ ቀንና ሌሊት፣ መንገደኛ ከሆነ ለሦስት ቀንና ሌሊት እግሩን ከማጠብ ይልቅ በላዩ ያብሳል። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ.) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ በብርቱ ብርድ ሌሊት ገላውን መታጠብ ፈርቶ በተየሙም ባልደረቦቹን አሰግዷል፤ ምክንያቱን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያስረዳም ስቀው እንዳለፉት አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ይሁንና የእርሱ ሁኔታ ሕይወትን የሚያሰጋ ነበር። መኪናው ቅርብ ለቆመ የሁለት ሰዓት ሽርሽር ተየሙምን ማሰብ ለእኔ አይታየኝም። ሁለት ፔርሙስ መያዝ ይበቃል፤ አንዱ ለሻይ፣ አንዱ ለብ ባለ ውሃ ለውዱእ። በረዶው ንጹሕ ስለሆነ መስገጃው የትም ይነጠፋል፤ ከሥሩ ወፈር ያለ ፕላስቲክ ቢደረግ ጉልበት አይርስም። ወላሁ አዕለም።